ማነው እንስራ የሚመታው? «ፕላኔት ድረም»ን ዘግይቼ ሳዳምጥ

ይህን አልበም ከማዳመጤ በፊት ብዙ መቶ ጊዜ አጫውቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፒከር እጠግናለሁ። የተቀደደ ኮን (ድምፅ የሚያወጣውን ስስ ሽፋን) እለጥፋለሁ፣ የተቃጠለ ኮይል (የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል) እቀይራለሁ። ሥራው ሲያልቅ መሞከር አለበት። አንድ ሰው ሽፋኑ የጠፋ ሲዲ ሰጥቶኝ «ቤዝ መፈተን ከፈለግክ ይኼን ክፈት» ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሁሉ በእሱ ሆነ። የመጀመሪያዋን ትራክ እከፍታለሁ፣ ወፍራሙ ድምፅ ሳይንጣጣ ከወጣ «አልቋል» ብዬ አጠፋለሁ። ቢበዛ አንድ ደቂቃ። ማን እንደሚጫወት አላውቅም፣ ስሙን አላውቅም። ደግሞም ግድ አልነበረኝም።

አንድ ምሽት ሁለቱም እጆቼ ሙጫ ነበሩና ማጥፋት አልቻልኩም። ሙዚቃው ቀጠለ። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ማነው እንስራ የሚመታው?»

«እንስራ አይደለም እማዬ፣ ከበሮ ነው።»

«ሂድ ወዲያ! እንስራ ጠፍቶኝ ነው? ደግሞ ያልተሰነጠቀ ነው።»

እናቴ ሸክላ በጣቷ አንጓ ኳ አድርጋ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን የምትለይ ሴት ናት። ስለዚህ አልተከራከርኩም። እጄን ታጥቤ ፈለግኩት። እውነቷን ነበር። የሚመታው የሸክላ ዕቃ ነው። አንድም አይደለም፤ ከሁለት የተለያዩ አገሮች የመጡ ሁለት ዓይነት ሸክላዎች አሉ።

አልበሙ «ፕላኔት ድረም» ይባላል። በ1991 ነው የወጣው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ያሰባሰበው አሜሪካዊው ከበሮ መቺ ሚኪ ሃርት ነው። ሃርት ከ1967 ጀምሮ «ግሬትፉል ዴድ» ከተባለው የሮክ ባንድ ሁለት ድራመሮች አንዱ ሆኖ ነው ስሙን ያተረፈው። የአሜሪካው የሙዚቃ ሽልማት ግራሚ ለዓለም ሙዚቃ አልበም ለብቻው ሽልማት መስጠት የጀመረው በ1992 ሲሆን የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ይኸው አልበም ነው። ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥም 26 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ከበሮ ብቻ ለሆነ አልበም ይሄ ቀላል አይደለም። ጊታር የለ፣ ፒያኖ የለ፣ ሳክስፎን የለ። ቆዳ፣ ሸክላ፣ ብረት፣ እንጨትና የሰው ድምፅ ነው ያለው።

ከሸክላዎቹ ልጀምር፤ ምክንያቱም እኔንም የጎተቱኝ እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ትራክ ስሟ «ኡዱ ቻንት» ነው። ኡዱ የናይጄሪያ ኢግቦዎች መሣሪያ ነው። ቃሉ ራሱ ማሰሮ ማለት ነው። ከላይ የተለመደው አፉ አለ፣ ሆዱ ላይ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ተበስቶለታል። በጥንቱ ልማድ የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው። ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፉበት «ኡኡም» ይላል አይደል? እዚህም ያው ነው። የሚጮኸው ውስጥ ያለው አየር ነው። መዳፍ ቀዳዳውን መታ አድርጎ ሲለቀው ያ አየር ይንቀጠቀጣል። ቀዳዳው ሲከደንና ሲከፈት ደግሞ ድምፁ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ሲንጠባጠብ የሚሰማው ዓይነት፣ ግን ወፍራም። የተለጠፈ ኮን ላይ ስህተት ካለ ወዲያው የሚያጋልጠው ይሄ ድምፅ ነው። ሲዲውን የሰጠኝ ሰው ያወቀው ነገር ነበር።

ሁለተኛው ሸክላ ጋታም ነው። የደቡብ ሕንድ ነው። ይሄኛው አንድ አፍ ብቻ ነው ያለው። ጭቃው ሲቦካ የብረት ብናኝ ይገባበታል፤ ለዚህ ነው ደረቅና ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው። ተጫዋቹ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አፉን ወደ ሆዱ አዙሮ ያቅፈዋል። በጣቶቹ፣ በጥፍሮቹ፣ በመዳፉ ግርጌ ይመታዋል። ወፍራም ድምፅ ሲፈልግ የማሰሮውን አፍ ሆዱ ላይ ጠበቅ ላላ ያደርጋል። በዚህ አልበም ላይ ጋታሙን የያዘው ቪኩ ቪናያክራም ነው። በ1970ዎቹ «ሻክቲ» በተባለው የሕንድና የጃዝ ቡድን ውስጥ ከጊታሪስቱ ጆን ማክላክሊን ጋር የተጫወተው እሱ ነው። ስትሰሙት አሥር ጣት ብቻ ነው ያለው ብሎ ማመን ይከብዳል። እናቴም «ይሄስ አይሰብረውም?» ብላለች።

ሌላው ድንቅ የሕንዱ ከበሮ ታብላ ነው፤ የሚመታው ዛኪር ሁሴን። አባቱ አላ ራካ ከታዋቂው ሕንዳዊ ሙዚቀኛ ራቪ ሻንካር ጋር ዓለምን የዞረ የታብላ ሊቅ ነበር። ሚኪ ሃርትም ከአባትየው ተምሯል። ሃርትና ዛኪር በ1976 «ዲጋ ሪትም ባንድ» በሚል ስም አብረው አልበም ሠርተዋል። ስለዚህ በ1991 ሲገናኙ ባዳ አልነበሩም። ይሄ ደግሞ ይሰማል። ታብላ ሁለት ከበሮ ነው። በቀኝ እጅ የሚመታው ትንሹ ከእንጨት ነው፣ በግራ የሚመታው ሰፊው አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ነው። ቆዳዎቹ ላይ ጥቁር ክብ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ጌጥ አይደለም፤ ከብረት ዱቄትና ከማጣበቂያ የተሠራ ልስን ነው። በ1930 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ሕንዳዊው ራማን ይህን ነገር ከሽልማቱ አሥር ዓመት በፊት አጥንቶት ነበር። ተራ ከበሮ ሲመታ የሚያወጣቸው ድምፆች እርስ በርስ ስለማይስማሙ ጉርምርምታ ነው የሚሆነው። ልስኑ ቆዳው መሀል ላይ ክብደት ሲጨምር ግን ድምፆቹ እንደ ክር መሣሪያ ይስማማሉ። ታብላ እንደ ዜማ የሚሰማን ለዚህ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ጆሮዬ ተቀየረ። በፊት «ቱክ ቱክ» የነበረው አሁን ኖታ ሆነብኝ።

ከዚያ ተናጋሪው ከበሮ አለ። የዮሩባዎች ነው፣ ወገቡ ቀጭን ነው። ተጫዋቹ በብብቱ ይዞ ገመዶቹን ሲጨምቃቸው ቆዳው ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲለቃቸው ይወፍራል። የዮሩባ ቋንቋ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ቃና አለው። ከበሮው ያንን ቃና ነው የሚከተለው፤ ስለዚህ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው በእርግጥም ይናገራል። እኔ ቋንቋውን አላውቅም። ሲኪሩ አዴፖጁ ሲጫወተው ግን አንድ ሰው ከጓዳ ሆኖ ሲያጉረመርም ይመስለኛል። ምን እንዳለ ባይሰማኝም እንደተቆጣና እንደሳቀ ይገባኛል።

ስለ ሰዎቹ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ከሁሉም ባባቱንዴ ኦላቱንጂን ማለፍ አይሆንም። ናይጄሪያዊ ነው። በ1960 ባወጣው አልበሙ የአፍሪካን ከበሮ ወደ አሜሪካ ሳሎን ያስገባው እሱ ነው። ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ የከፈተው የባህል ማዕከል የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን በሚያዝያ 1967፣ ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው፣ ኮንሰርት ያቀረበበት ቦታ ነው። እዚህ አልበም ላይ «ጄዌ» በተባለችው ዘፈን የሚሰማው መንፈስ የእሱ ነው። ያረጀ ሰው ድምፅ ያለው ሙቀት አለ፤ ሰውን «ቁጭ በል» የሚል ዓይነት።

«ታዲያ ይሄ ጃዝ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እኔም ጠይቄያለሁ። ሰዎቹን ስቆጥር መልሱ ቀለለኝ። ብራዚላዊው አይርቶ ሞሬራ በ1970 ገደማ ከጃዝ ትራምፔት ነፊው ማይልስ ዴቪስ ጋር የነበረ ነው። ባለቤቱ ፍሎራ ፑሪም የጃዝ ፒያኒስቱ ቺክ ኮሪያ ባንድ የ«ሪተርን ቱ ፎርኤቨር» የመጀመሪያ ድምፃዊት ናት። ፖርቶሪኳዊው የኮንጋ (ረጅም የእጅ ከበሮ) መቺ ጆቫኒ ሂዳልጎ በሌላው የጃዝ ትራምፔት ነፊ በዲዚ ጊለስፒ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠርቷል። ግማሹ ባንድ ከጃዝ ቤት የመጣ ነው። የጃዙን ነገር የምታገኙት ግን ስማቸው ላይ ሳይሆን በሚጫወቱበት መንገድ ነው። አንዱ ሐረግ ይጥላል፣ ሌላው ያነሳዋል፣ ትንሽ አጣሞ ይመልሰዋል። ማንም ኖታ ወረቀት ላይ እያየ እንዳልሆነ ይታወቃል።

እኔን የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ከበሮ መቺ አንድ ክፍል ውስጥ ስታስገቡ ምን ይጠበቃል? ጩኸት! እያንዳንዱ በየአገሩ አለቃ ነው። እኔ ደግሞ ከበሮ መቺዎችን አውቃለሁ፤ ስፒከሮቻቸውን የምጠግነው እኔ ነኝ። እዚህ አልበም ላይ ግን ሰዎቹ ዝም ይላሉ። «ቴምፕል ኬቭስ» የምትለዋን ስሙ። ዋሻ ውስጥ እንደገባችሁ ነው የሚሰማችሁ። አንድ ምት ይመታል፣ ያስተጋባል፣ ያ ማስተጋባት እስኪያልቅ ድረስ ሌላው ይጠብቃል። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ለመቅዳት ስንት ጊዜ እንደተለማመዱ እንጃ። መጀመሪያ ሳዳምጣት ማጫወቻው የቆመ መስሎኝ ተነሥቼ አይቼዋለሁ።

ከበታች የሚጎተት እንደ ንፋስ ያለ ድምፅ ሲያጋጥማችሁ ኪቦርድ እንዳይመስላችሁ። ሃርት «ቢም» የሚለው የራሱ መሣሪያ አለው። ረጅም የአልሙኒየም ዘንግ ነው፣ የፒያኖ ወፍራም ክሮች ተወጥረውበታል፣ ድምፁ በኤሌክትሪክ ይጎላል። ይህን ነገር በትልቅ ሱብዉፈር ብታጫውቱት የመስኮት መስተዋት ያንቀጠቅጣል። ከልምድ ነው የምናገረው። ጎረቤት ይቅር ይበለኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

አልበሙ 13 ትራክ አለው፣ በጠቅላላው አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ሙዚቃው ገና ሲግል ያልቃል። ሂዳልጎና ዛኪር ፊት ለፊት ሲገጥሙ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሊሰጣቸው ይገባ ነበር። የምግብ ሽታ አሽትተውኝ ትሪውን ያነሱብኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ርዕሶቹም ትንሽ ያስቁኛል። «የሚደንሰው ጠንቋይ»፣ «የጠፋው ወንዝ»፣ «ምሥጢራዊቷ ደሴት»... የጀብዱ ፊልም ማስታወቂያ ይመስላሉ። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጀርባ የታወቀ ሕዝብ፣ የታወቀ ቋንቋ፣ የታወቀ መምህር አለ። ያንን ሁሉ ጭጋግ ውስጥ አስገብቶ «ምሥጢር» ማለት ለምን አስፈለገ? የዘመኑ ፋሽን ነበር መሰለኝ። ግራሚም ራሱ «የዓለም ሙዚቃ» የሚለውን ስም በ2020 ትቶ «ግሎባል» ብሎታል። ስሙ የቅኝ ግዛት ሽታ አለው የሚል ወቀሳ ስለበዛ ነው። ቃሉ ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ ለናንተ እተወዋለሁ።

«ኢቭኒንግ ሳምባ» ደስ ትላለች፣ ግን እዚህ አልበም ላይ ካሉት በጣም የተለመደችዋ እሷ ናት። እግር ታንቀሳቅሳለች፣ ከዚያ ትረሳለች። አልፋታለሁ።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን በአልበሙ ሳይሆን በሻጮቹ ነው። በየማጫወቻ ዝርዝሩ «ኒው ኤጅ» ተብሎ ከመታሻና ከእንቅልፍ ሙዚቃ ጋር ሲደባለቅ አያለሁ። እርግጥ ሃርትም ቢሆን ለዚህ ሰበብ ሰጥቷል። ከበሮ ይፈውሳል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። በዚያው በ1991 ለአሜሪካ ሴኔት የአረጋውያን ጉዳይ ኮሚቴ ቀርቦ ከበሮ ለሽማግሌዎች ስለሚሰጠው ጥቅም ተናግሯል። ሐሳቡን አልቃወምም። ግን ይህን አልበም ለእንቅልፍ የሚከፍት ሰው ምን ነካው? እኔ አንዴ ሞክሬዋለሁ። አይርቶ የሆነ ነገር ሲያንኳኳ በር የተንኳኳ መስሎኝ ተነሥቻለሁ።

እንዴት ይደመጥ ለምትሉ፣ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልናገር።

በስልክ ስፒከር አታዳምጡት። በጭራሽ! የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም። ኡዱው የሳጥን ኳኳታ ይሆናል፣ የታብላው ግራ እጅ ጭራሽ ይጠፋል። የአልበሙን ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ ሩቡን እንደመውሰድ ነው። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ይበቃል። ስፒከር ካላችሁ ሁለቱን ራቅ ራቅ አድርጋችሁ መሀል ተቀመጡ። ከበሮዎቹ ግራና ቀኝ ሲነጋገሩ የምትሰሙት ያኔ ነው። ደግሞ ሲከፈት ድምፁ ከሌላው ሙዚቃችሁ ዝቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። አልተበላሸም። ያኔ አልበም ሲሠራ ሁሉንም ነገር እኩል አስጩሆ መጭመቅ እንደ አሁኑ አልተለመደም ነበር። ዝቅተኛው ዝቅ፣ ከፍተኛው ከፍ ይላል። ቮልዩሙን ጨምሩና ጠብቁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል ስሙት፤ አደባልቆ ማጫወት ያበላሸዋል።

ከወደዳችሁት ተከታዮች አሉት። በ2007 አራቱ፣ ማለትም ሃርት፣ ዛኪር፣ ሂዳልጎና አዴፖጁ፣ «ግሎባል ድረም ፕሮጀክት»ን አወጡ። እሱም በ2009 ግራሚ ወስዷል። ያኛው ኤሌክትሮኒክሱ በዛ ያለ ነው፤ ድምፆቹ በኮምፒውተር ይታሻሉ። ለወጣት ጆሮ የሚቀለው እሱ ይሆናል። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። እጅ ቆዳን ሲነካ ያለችውን ትንሿን «ሽ» ድምፅ የማገኘው እዚያ ነው። አራቱ በ2022 አንድ ተጨማሪ አልበም ሠርተዋል።

ዛኪር በታኅሣሥ 2024 በ73 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ በአንድ ምሽት ሦስት ግራሚ ወስዶ ነበር። ኦላቱንጂ ቀደም ብሎ በ2003 ነው ያረፈው። የዛኪርን ዜና በሰማሁ ቀን ታብላዋን ለማዳመጥ ብዬ አልበሙን ከፈትኩ፣ ግን ጆሮዬ ደጋግሞ የሄደው ዛኪር ዝም ወደሚልባቸው ቦታዎች ነው። ሌላው ሲናገር እንዴት ይጠብቅ እንደነበር።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። ተረቱን በራሴ ላይ አረጋግጫለሁ። አልበሙን በያዝኩ ሰሞን የእናቴን አንድ ማሰሮ አቅፌ ቪናያክራምን ልሆን ሞከርኩ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ጣቴን አሳመምኩ። የወጣው ድምፅ በር የሚያንኳኳ ዕዳ ጠያቂ ይመስል ነበር። እናቴ መጥታ ቀማችኝ። ይዛው ልትሄድ ስትል ቆም ብላ በጣቷ አንጓ አንዴ ብቻ መታችው። «ኮንንን» አለ። እኔ ግማሽ ሰዓት ፈልጌ ያጣሁት ድምፅ ነበር።

አሁንም ስፒከር የምፈትነው በዚሁ ሲዲ ነው። ችግሩ ማጥፋት አቃተኝ። ባለፈው አንድ ደንበኛ ዕቃውን ሊወስድ መጥቶ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስተኛው ትራክ ላይ ደርሻለሁ። ቆሞ ጠበቀኝ። በመጨረሻ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፦

«ወንድሜ፣ አልተጠገነም እንዴ?»

«ተጠግኗል» አልኩት። «ትንሽ ቁጭ በል፣ ይቺ ትለቅ።»